የምድጃው ቁጥር ሰዓትን ይቆጥራል እንጂ ጉልበትን አይለካም



የመጽሔታችን አዘጋጆች ከየክፍሉ ጽሑፍ ሲጠይቁ፥ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ወጣቶች ጠባይና ስለ አገር ፍቅር ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ርእሶች ስለሆኑ እኔ ብገባባቸው የምጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ በበኩሌ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። የምጽፈውም ማይክሮዌቭና ሀሎጅን መብራት በአንድነት ስለሚሠሩበት ምድጃ፥ ይልቁንም ይህ ምድጃ የማብሰያ ኃይሉን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግበት መንገድ ነው። ርእሱ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፥ ቤተሰባችን ይህን ባለማወቁ ገንዘብ ከፍሎበታልና እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልግለጽ። በምድጃው ፊት ላይ ከ1 እስከ 10 የሚታዩት ቁጥሮች «ኃይል» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። 5 ቁጥርን የነካ ሰው ሁሉ እሳቱ በግማሽ የደከመ ይመስለዋል። እሳቱ ግን አልደከመም። ሙሉ ሆኖ ይነድዳል፤ ቀጥሎም ፈጽሞ ይጠፋል፤ ደግሞም ሙሉ ሆኖ ይበራል። ቁጥሩ የሚናገረው ከጊዜው ስንት እጁን እንደሚበራ ብቻ ነው። ይህ አሠራር መልካም አሠራር ነው፤ ስሙ ግን መልካም ስም አይደለም። ፋብሪካዎች እውነቱን በግልጽ ቃል ምድጃው ላይ ሊጽፉት ይገባል እላለሁ። እኛም ፊዚክስ ተምረናል የምንል ተማሪዎች፥ በቤታችን ያለውን ዕቃ ለመመርመር ጠጋኝ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አክስቴ በዱባይ ብዙ ዓመት ሠርታ ስትመለስ ይህን ምድጃ ይዛ መጣች። ከጣራው አንድ፥ ከወለሉም በመስታወት ሥር አንድ ረጃጅም የሀሎጅን መብራት አለው፤ እያንዳንዱ መብራት 1000 ዋት ነው። ማይክሮዌቩ ደግሞ በጎኑ በኩል ይገባል። ለእንቁጣጣሽ ሁለት ዶሮ ተገዝቶ ነበርና አንዱ ለወጥ ሆነ፤ ሁለተኛውን አክስቴ በአዲሱ ምድጃ ልትጠብሰው ተነሣች። አያቴ «በመብራት የተጠበሰ ዶሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው!» እያሉ በርጩማቸውን አስጠግተው በመስኮቱ ይመለከቱ ጀመር። መብራቱ ቦግ ብሎ በራ፤ ዶሮውም እንደ ፀሐይ አበራ። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። «አቃጠላችሁት!» አሉ አያቴ። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ተመልሶ በራ። ደግሞ ጠፋ። የቤቱ ሰው ሁሉ ሽቦው ላልቷል ብሎ ፈረደ፤ ዶሮውም ወጥቶ በድስት ተጠበሰ።

በማግሥቱ አንድ ጠጋኝ ተጠራ። ምድጃውን ፈታ፤ የላዩን መብራት አውጥቶ ወደ ብርሃን አቅንቶ ካየው በኋላ «ይህ መብራት ደክሟል፤ ለዚህ ነው የሚጠፋው» አለን። አዲስ መብራት ከከተማ ፈልጎ በባዶ እጁ ይዞ ገጠመው። (የሀሎጅን መብራት በባዶ እጅ እንደማይያዝ በኋላ ተረዳሁ፤ የጣት ወዝ በመስታወቱ ላይ ሲቀር ያ ቦታ ከመጠን በላይ ይግልና መስታወቱን ያበላሸዋል።) አክስቴ የከፈለችውን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ለቤታችን የአንድ ወር አስቤዛ ይበቃ ነበር ማለት ይበቃል። ሰውየው ከሄደ በኋላ 5 ቁጥርን ብንነካ አዲሱ መብራት እንደ አሮጌው በራ፤ እንደ አሮጌውም ጠፋ። በስልክ ቢነገረው «እንግዲያውስ ማብሪያው ይሆናል» አለና ሌላ ዋጋ ጠራ። እኔ ሰውየው አታላይ ነበር ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ምናልባት እርሱም እንደ እኛ ባለማወቅ ተሳስቶ ይሆናል። ነገር ግን ሁለታችንም ያላወቅነው ነገር በምድጃው መመሪያ የመጨረሻ ገጾች በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም «የኃይል ቁጥር መብራቱና ማይክሮዌቩ የሚበሩበትን የጊዜ ክፍልፋይ ያመለክታል» የሚል ነው። አንዲት መስመር ናት። ይህች መስመር በበሩ ላይ ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ማንም ጠጋኝ ባልተጠራ ነበር።

ይህን ካነበብሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አላስተኛኝ አለ። ሰው የውሃ ቧንቧን ጥቂት ወይም ብዙ አድርጎ መክፈት እንደሚችል፥ ይህ ምድጃ እሳቱን ለምን ለዘብ አያደርገውም? መክፈትና መዝጋት ብቻ ለምን መረጠ? ለፊዚክስ መምህራችን ባቀርብላቸው፥ «ሁለት እሳት ነው ያለህ፤ ሁለቱንም ለየብቻ መርምራቸው» አሉኝ። እኔም እንደ ትእዛዛቸው አደረግሁ።

አንደኛው እሳት ማይክሮዌቩ ነው። ይህ ሞገድ የሚወጣው ማግኔትሮን ከተባለ መሣሪያ ነው። ማግኔትሮን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራዳር የሚያገለግል ዕቃ ነበር። ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ሬይቴዎን በተባለው ኩባንያ ሲሠራ በዚህ ሞገድ ምግብ ማብሰል እንደሚቻል አስተዋለና እ.ኤ.አ. በ1945 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ጠየቀ። የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲወጣ ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚስተካከል፥ ክብደቱም ከ300 ኪሎ የሚበልጥ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1967 ወጥቶ በአሜሪካ ቤቶች ተሰራጨ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ማግኔትሮን በሴኮንድ 2450 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፥ ርዝመቱ 12 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ሞገድ ያወጣል።

እንግዲህ ማግኔትሮን ሞገዱን ለማውጣት ወደ 4000 ቮልት የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። ይህን ግፊት የሚሰጠው በምድጃው ውስጥ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ነው። ግፊቱ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ማግኔትሮኑ ሥራውን ፈጽሞ ይተዋል እንጂ በግማሽ አይሠራም። ነገሩን ከበር ደፍ ጋር ማመሳሰል ይቻላል፤ ደፉን ያልተሻገረ ሰው በግማሽ ገባ አይባልም። ከዚህም በላይ የማግኔትሮኑ ውስጠኛ ሽቦ የሚግለው ከዚያው ከትራንስፎርመር በሚመጣ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፥ ትራንስፎርመሩን ማድከም ሽቦውንም ማቀዝቀዝ ይሆናል። ስለዚህ የፋብሪካ መሐንዲሶች ቀላሉን መንገድ መረጡ፤ ሙሉ አድርጎ ማብራት፥ ሙሉ አድርጎ ማጥፋት፥ ጊዜውንም መቁጠር። በእኛ ምድጃ አንዱ ዙር 30 ሰከንድ ነው። 5 ቁጥር ማለት 15 ሰከንድ ማብራት፥ 15 ሰከንድ ማጥፋት ነው። 3 ቁጥር ማለት 9 ማብራት፥ 21 ማጥፋት ነው። ሳህኑ ግን ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ማራገቢያውም ይነፍሳል። ስለዚህ ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራው የተቋረጠ አይመስልም። ጆሮውን የሰጠ ሰው ግን ማግኔትሮኑ በሚሠራበት ጊዜ ድምፁ ሲከብድ፥ ሲያርፍም ሲቀልል ይሰማዋል። አያቴ ያልተቆጡት በማይክሮዌቩ ያልሆነበት ምክንያትም ይህ ነው፤ ሲጠፋ ስላልታያቸው ነው።

ሁለተኛው እሳት መብራቱ ነው። የሀሎጅን መብራት እ.ኤ.አ. በ1959 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራተኞች ስም የባለቤትነት መብት የተሰጠበት ፈጠራ ነው። በውስጡ ያለው የተንግስተን ሽቦ ሲግል ጥቂት ጥቂት እየተነነ ይሄዳል። በተራ አምፖል ይህ ትነት መስታወቱን ያጠቁረዋል። በሀሎጅን አምፖል ግን እንደ አዮዲንና ብሮሚን ያለ ጋዝ ስላለበት፥ የተነነውን ተንግስተን ይዞ ወደ ሽቦው ይመልሰዋል። ዳሩ ግን ይህ መመላለስ የሚሆነው የመስታወቱ ግድግዳ ወደ 250 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። መብራቱን ለረጅም ጊዜ በደከመ ኤሌክትሪክ ብናበራው መስታወቱ ይህን ያህል ስለማይሞቅ ጋዙ ሥራውን በደንብ አይሠራም።

ይህ ብቻ አይደለም። የሀሎጅን መብራት ከሚያወጣው ኃይል ለዓይን የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ የሚበልጠው ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር ነው። ዶሮውን የሚያቀላውም ይኸው ጨረር ነው። ሽቦው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጨረሩ በመጠን መቀነስ ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይለወጣል፤ ሞገዱ ይረዝማል፥ ብርሃኑም ከነጭነት ወደ ቀይነት ያዘነብላል። እንግዲህ ግማሽ የተመገበ መብራት ሌላ መብራት ሆነ እንጂ ግማሽ መብራት አልሆነም ለማለት እደፍራለሁ። እያበሩ ማጥፋት ግን የጨረሩን ዓይነት እንዳለ ይጠብቃል። መብራቱ ከማግኔትሮኑ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው።

ሁለቱን እሳቶች ማገናኘት ያስፈለገበት ምክንያት ደግሞ ጠባያቸው ስለሚለያይ ነው። ማይክሮዌቩ ሁለትና ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ውሃ ያለበትን ነገር ከ100 ዲግሪ አያሳልፈውምና ቆዳውን አያቀላውም። ለመቅላት ከ140 ዲግሪ የማያንስ ሙቀት ያስፈልጋል። መብራቱ ይህን ይሰጣል፤ ነገር ግን ኃይሉ በላዩ ላይ ይቀራል። መብራቱ ብቻ ቢሠራ ውጪው አሮ ውስጡ ደም ይሆናል፤ ማይክሮዌቩ ብቻ ቢሠራ በስሎ እንደ ተቀቀለ ጨርቅ ይገረጣል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1999 አድቫንቲየም ብሎ ባወጣው ምድጃ የላዩ መብራት፥ የታቹ መብራትና ማይክሮዌቩ ለየብቻቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ የእኛም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አብሳዩ የሚያዘው ሦስት ሰዓቶችን ነው ማለት ይቻላል። ዶሮ ከሆነ ለላዩ 7፥ ለታቹ 4፥ ለማይክሮዌቩ 5 ይሰጣል፤ ሦስቱም በየተራቸው ይገባሉ ይወጣሉ።

በየተራቸው ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ መብራቶች 2000 ዋት ይበላሉ፤ ማይክሮዌቩ ለምግቡ 900 ዋት ለመስጠት ከግድግዳው 1400 ዋት ያህል ይስባል። ሲደመር 3400 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ15 አምፔር ይበልጣል። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በአንድ ሶኬት መሳብ ለአሮጌ ሽቦ አደጋ ነው። ስለዚህ ምድጃችን ማይክሮዌቩን ሲያበራ አንደኛውን መብራት ያሳርፋል። ሴኮንዶቹን እንደ ጥሩ መጋቢ እያካፈለ ለሦስቱም ያዳርሳል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለዚህ ዕቃ ያለኝ አክብሮት ጨመረ፤ ሦስቱንም 10 ላድርግ ብሎ ቢታገሉት ለምን እንደማይታዘዝ ተረዳሁ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። ይህን ሁሉ ለክፍል ጓደኞቼ ባጫወትኋቸው ጊዜ አሳቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «እንግዲያውስ ማጭበርበር ነው፤ ግማሽ ኃይል ብሎ ሸጦ ሙሉ ኃይል እያበራ ያጠፋል» አለ። ሌላው ወገን «ለእኛ ምን አገባን፤ ዶሮው ከበሰለ የሚነካውን ቁጥር ማወቅ ይበቃል፤ እናትህ ስለ ከሰል ኬሚስትሪ ተምረው ነው ወይ የሚያበስሉት?» አለ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

ማጭበርበር ነው ለሚሉት የምመልሰው ይህን ነው። የከሰል ምድጃ ላይ ወጥ የሚሠራ ሰው እሳቱ ሲበዛበት ምን ያደርጋል? ድስቱን ያወጣል፤ ጥቂት ያሳርፋል፤ ይመልሳል። ከሰሉ አልደከመም፤ ድስቱ የሚያገኘው ጊዜ አነሰ እንጂ። ወጡ በድስቱና በራሱ ውስጥ ሙቀት አምቆ ስለያዘ በእረፍቱ ጊዜ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱ ከዳር ወደ መካከል ይሄዳል። ምጣድም ቢሆን ሙቀትን በሸክላው ውስጥ ስለሚያጠራቅም፥ አንዱ እንጀራ ወጥቶ ሌላው እስኪፈስ እሳቱ ቢወርድ እንጀራው ዓይን ከማውጣት አይቦዝንም። እንግዲህ ምድጃው ያደረገው አያቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፤ የድስቱን መውጣትና መግባት በሰዓት ተካው። እንዲያውም ለበረደ ሥጋ እረፍቱ ከማብራቱ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ውሃ ከበረዶ ይልቅ ማይክሮዌቭን በብዙ ስለሚቀበል፥ መጀመሪያ የቀለጠው ጥግ ብቻውን ይበስልና መካከሉ በረዶ እንደሆነ ይቀራል። እረፍት ሲሰጠው ግን ሙቀቱ ይዛመታል።

ማወቅ አያስፈልግም ለሚሉት ደግሞ የሠራሁትን ፈተና ላቅርብ። ከትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ፥ አንድ ሊትር ውሃ በማይክሮዌቩ ብቻ፥ በ10 ቁጥር ለ1 ደቂቃ አሞቅሁ፤ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ ጨመረ። ሌላ አንድ ሊትር በ5 ቁጥር ለ2 ደቂቃ አሞቅሁ፤ በ10 ዲግሪ ጨመረ። አንዷ ዲግሪ የጎደለችው ማግኔትሮኑ በበራ ቁጥር ሽቦው እስኪግል አንድና ሁለት ሰከንድ ስለሚያጠፋና፥ ጊዜውም ስለረዘመ ዕቃው ጥቂት ሙቀት ስለወሰደ ነው። እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ ታማኝ ነው።

ቀጥዬ አንድ ስኒ ውሃ፥ ይኸውም የሊትር ሩብ፥ በ10 ቁጥር ለ15 ሰከንድ አሞቅሁ፤ 10 ዲግሪ ጨመረ። በ5 ቁጥር ለ15 ሰከንድ አሞቅሁ፤ ይኸም 10 ዲግሪ ጨመረ! በ5 ቁጥር ለ30 ሰከንድ አሞቅሁ፤ አሁንም ያው 10 ዲግሪ ሆነ። አንባቢ ሆይ፥ ምክንያቱን ሳልነግርህ ደርሰህበት ይሆናል። የ5 ቁጥር ዙር በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ሙሉ በሙሉ ይበራል፤ በቀሩት 15 ሰከንዶች ያርፋል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ የሚሞቅ ነገር ላይ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። አክስቴ ለሕፃን ልጇ ወተት ስታሞቅ «እንዳይግልበት» ብላ 5 ቁጥርን ትነካ ነበር፤ ለ15 ሰከንድ። ጥንቃቄ ያደረገች መስሏት በሙሉ ኃይል ታሞቀው ነበር። ይህን ሳሳያት ዝም ብላ ቴርሞሜትሩን ተመለከተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣ ታሞቃለች። «ምን አገባን» የሚለው ጓደኛዬ ለዚህ መልስ ካለው እሰማዋለሁ።

ቁጥሩ የማይታመንበት ሌላም ጊዜ አለ፤ ይኸውም ምሽት ነው። በሰፈራችን ሁሉም ሰው እራት በሚሠራበት ሰዓት ኤሌክትሪኩ ይደክማል፤ የማቀዝቀዣችን ስታቢላይዘር መርፌ 180 ቮልት ሲያሳይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በክፍል የተማርነውን ቀመር የሚያስታውስ ሰው፥ ኃይል በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሚወርድ የ1000 ዋቱ መብራት ወደ 670 ዋት ወረደ ይላል። የሽቦው መቋቋምም ሲቀዘቅዝ ስለሚቀንስ ትክክለኛው ከዚህ ጥቂት ከፍ ብሎ 700 አለፍ ይላል። ያም ሆነ ይህ ከሩብ በላይ ጠፍቷል። ምድጃው ግን ይህን አያውቅም። 15 ሰከንድ ተብሎ ታዟልና 15 ሰከንድ ቆጥሮ ያጠፋል። በሰዓት የሚሰፍር ሰፋሪ እህሉ ቀጭን ይሁን ወፍራም አይጠይቅም። ቀን የበሰለ ዶሮ በዚያው ቁጥርና በዚያው ደቂቃ ማታ ጥሬ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ጥሬ ዶሮ ደግሞ በሽታ ነው። ስለዚህ በቤታችን ማታ ዶሮ የሚያበስል ሰው የስታቢላይዘሩን መርፌ አይቶ ደቂቃ ይጨምራል፤ ከጭኑ አጥንት አጠገብ ወግቶም ያያል።

አንዳንድ አንባቢ «ኢንቨርተር የሚባል አዲስ ዓይነት ማይክሮዌቭ አለ፤ እርሱ በእውነት ኃይሉን ይቀንሳል» ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል። እውነት ነው። ኢንቨርተሩ የግድግዳውን 50 ሄርትዝ ወደ ብዙ አሥር ሺህ ሄርትዝ ለውጦ ለማግኔትሮኑ የሚደርሰውን ኃይል ስለሚመጥን፥ ሞገዱን ሳያቋርጥ ያለዝበዋል። ለቅቤና ለእንቁላል እርሱን እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ደፉን አልዘለለውም፤ በዝቅተኞቹ ቁጥሮች ላይ ወደ ማብራትና ማጥፋት ይመለሳል። በምድጃው ፊት ላይ ደግሞ ሁለቱም ያንኑ «ኃይል» የሚል ቃል ይጽፋሉ፤ ገዢው በምን ይለያቸው?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። «ኃይል 5» በሚለው ፈንታ «ከ30 ሰከንድ 15» ተብሎ ይጻፍ። ቢያንስ በሩ ላይ «መብራቱ እየበራ መጥፋቱ ጤነኛ ሥራው ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ለልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሦስት አንቀጽ የሚጽፍ ፋብሪካ ይህን ለመጻፍ ቦታ ያጣል ብዬ አላምንም። በትምህርት ቤታችንም የኤሌክትሪክ ኃይል ትምህርት ሲሰጥ፥ በሰሌዳ ላይ ከሚሳለው አምፖል ጋር ይህ ምድጃ ቢጠቀስ ክፍሉ አያንቀላፋም። ወጥ ቤት የሴቶች ጉዳይ ነው እያሉ የሚሸሹ ወንድሞቼም፥ የሀሎጅንን ጠባይ ከእነርሱ ቀድሞ የጠየቀው የአያቴ ዓይን መሆኑን ቢያስቡ መልካም ነው።

ጠጋኙ «ደክሟል» ብሎ ያወጣው አሮጌ መብራት አልተጣለም። በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ላቦራቶሪ ወሰድሁት። መቋቋሙን በመለኪያ ብንለካው 4 ኦም ሆነ። እኔ ቸኩዬ 220 ቮልትን በካሬ ለ4 ባካፍል 12100 ዋት አገኘሁና መብራቱ በእውነት ተበላሽቷል፥ ጠጋኙንም በከንቱ አምቻለሁ ብዬ ደነገጥሁ። መምህራችን ሳቁ። «ቀዝቃዛ ሽቦ ለክተህ ስለ ጋለ ሽቦ ትፈርዳለህ?» አሉኝ። 1000 ዋት የሚሰጥ መብራት በ220 ቮልት ሲግል መቋቋሙ 48 ኦም ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ከዚያ ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ምድጃው መብራቱን ባበራ ቁጥር የሳሎናችን አምፖል ለቅጽበት ጭልም የሚለውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጎረቤታችን ወይዘሮም «የእናንተ ምድጃ ሬዲዮኔን ያስነጥሰዋል» ሲሉ የነበረው ለካ እውነታቸውን ኖሯል። ከዚያም መብራቱን በመያዣ አስረን ቀስ በቀስ ቮልቱን ጨመርንለት። በ60 ቮልት እንደ ፍም ቀላ፤ በ120 ቢጫ ሆነ፤ በ220 ክፍሉን ሁሉ አነጣው። ፊታችን ላይ ሙቀቱ ተሰማን። አሁን በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ተማሪ መምህሩን አስፈቅዶ ሊያበራው ይችላል፤ በባዶ እጁ ግን እንዳይነካው።